ምራቅ የዋጡ ሰው

ሳይነጋ ነው የምደርሰው፣ ገንደ ቆሬ፣ በባጃጅ፣
የበረዶ ሣጥን ታቅፌ፣ እንደ ታመመ ልጅ።
ጋሽ ቡሽራ ቀድመውኛል፤ በርጩማቸውን አውጥተው ከደጅ።

"ደሜን ወሰድሽ፣ ሽንቴን ወሰድሽ፣ ዛሬስ ምን ቀረሽ ከኔ?"
"ምራቅ" አልኩኝ፤ ብልቃጧን ስዘረጋ ያፈርኩት እኔ።
ሳቁ። ሦስት ጥርስ ነው ያላቸው፤ ሳቁ፣ እስኪያስላቸው ድረስ፤
"ሰባ ዓመት የዋጥኩት ምራቅ፣ እንዴት አድርጎ ይመለስ?"

ኮርቲሶል ይሉታል፤ የጭንቅ ቀን መልእክተኛ ነው፣
ከኩላሊት አናት ተነስቶ ጉበት ደጃፍ የሚጮኸው፦
"ጠላት መጣ! ጎተራ ክፈት! ለሯጩ ስንቅ ስጠው!"
ጉበትም የዋህ ነው፤ ማን እንደ ላከው አይጠይቅም፣
ስኳሩን ያጎርፋል፤ ጠላት ይኑር አይኑር አያውቅም።
የጤና ሰው ቆሽት ፈጥኖ ይደርሳል፤ የሳቸው ግን ደክሟል፣
አሥራ ሁለት ዓመት በመርፌ ተደግፎ ከርሟል።

ኢንሱሊኑ ማቀዝቀዣ የለው፤ ድሬ ነው፣ ሙቀቱ አይጣል፤
ገንቦ ውስጥ ሌላ ገንቦ፣ መሐሉ እርጥብ አሸዋ፤ እዚያ ተሸፍኖ ይቀመጣል።
ይህን የፈለሰፈ ሰው፣ ሠላሳ ዓመት የባቡር ፍሬን ያደሰ፣
በኔ ብዕር ነው፣ በቀይ፣ ስሙ ካርድ ላይ የረከሰ፦
"ትእዛዝ አያከብርም።
ሐላዋ ሳይበላ አይቀርም።"

ጎረቤትም መሰከረ፦ "በሌሊት ይወጣሉ፣
በትር ይዘው፣ ባትሪ ይዘው፣ ወደ ወንዙ ይወርዳሉ፤
እዚያ ማን ሐላዋ እንደሚሸጥ እንጃ! ብቻ ይበላሉ።"

ሦስት ወር ለካሁ። ግራፉ ዝም ብሎ ተኝቶ ይሰነብትና፣
አንድ ሌሊት ይነሳል፣ እንደ በረገገ ፈረስ፣ እንደገና።
ስኳሩም ይከተለዋል፤ ሦስት መቶ፣ አራት መቶ፣
ቀትር ይሆናል ሳይወርድ፣ እላይ እንደ ጆፌ ተጎልቶ።
ከተማው ግን ሰላም ነው፤ ሰማዩ ከዋክብት ሞልቷል፣
ምን አስፈራው ይሄን ሰው? ማንስ እቤቱ መጥቷል?

ነሐሴ ላይ፣ አንድ ሌሊት፣ የረሳሁትን ሣጥን ፍለጋ ተመለስኩ፣
ከደቻቱ ዳር ብርሃን አየሁ፤ ባትሪያቸው መሰለኝ፣ ቀረብኩ።
ድሬ አልዘነበም፤ አሸዋው ደረቅ፣ የቀኑን ሙቀት እንደያዘ ነበር፤
እሳቸው ግን ፊታቸው ወደ ደንገጎ፣ ወደ ጨለማው ድንበር።
እዚያ መብረቅ ይመዘዛል፤ ድምፅ የለውም፤ ሩቅ ነው፤
"ላይ ሲዘንብ" አሉኝ፣ "እዚህ ማንም አይሰማው።
የዚያን ለታም ድሬ ላይ ጠብ አላለም፤ ጨረቃ ነው።"

ዝም አሉ።
ምራቅ ብቻ አልነበረም የዋጡት፤ ስሙን ግን አልጠየቅሁም፣
ማስታወሻ ደብተሬንም ከቦርሳዬ አላወጣሁም።
ለካ የሚጠብቁት ይህን ነው፤ ጎርፉ ሲመጣ ሊጮኹ፣
የሰፈሩን በር ሁሉ በዚያ በትር ሊያንኳኩ።
ውሃው ያን ሌሊት አልመጣም። ደም ሥራቸው ውስጥ ግን መጣ፣
ድልድይ የማያግደው፣ ማንም የማይሰማው፣ ስኳር የጫነ ጣጣ።

ጧት የደንገጎን ዝናብ ከግራፌ ጋር አስተያየሁ፤
ቀን በቀን ገጠመ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ፈዝዤ ቆየሁ።
ቅጹ ላይ "ምክንያት" የሚል ረድፍ አለ፤ አራት ምርጫ ይሰጣል፦
አመጋገብ፣ መድኃኒት፣ እንቅስቃሴ፣ ሌላ። ደንገጎ በየት ይመጣል?
ቀዩን ጽሑፍ ሰረዝኩት። ከስርዙ ሥር ግን ይታያል።

አሁን ላይ ላዩ ሲያጉረመርም ስልክ ይደውላሉ፣
"ነይ" አይሉም፤ "ደመናው ወጣ" ብቻ ይላሉ።
ትናንት አብሬያቸው ቆምኩ። መብረቁ ሲመላለስ እላይ ቤት፣
ባዶ ብልቃጥ አወጣሁና የራሴን እንትፍ አልኩባት፣
ቁጥር አልለጠፍኩባት፣ ስም አልጻፍኩባት።
አዩኝ። ሳቁ፣ በሦስቱ ጥርስ። "ገና ነሽ" አሉኝ፣ "ልጄ፤
አንቺ ገና አልዋጥሽውም።"
ባትሪውን ሰጡኝ፤ ይሞቅ ነበር በእጄ።